የአባየ ባሕር አረንጓዴ ሲለብስ

ገዳሪፍ ባሕር የላትም። ይህን የምለው ለማያውቃት ሰው ነው፤ የሚያውቃትማ፣ በጋ በመጣ ቁጥር የመጠጥ ውሃ ከአህያ ጋሪ እየገዛ የሚኖር ሰው ስለ ባሕር ሲያወራ ቢሰማ ይስቃል። እኛ ቤት ግን ባሕር ነበረ። ርዝመቱ የስፌት መኪናየን ጠረጴዛ የሚያህል የመስታወት ሳጥን ነው። ውስጡ ከሱዳን የባሕር ወደብ ከቦርሱዳን በጀሪካን ተጭኖ የመጣ የጨው ውሃ፣ አንድ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ የባሕር ድንጋይና አንድ ዓሣ ነበረበት። አባቴ "ባሕሩ" ስለሚለው ሁላችንም "ባሕሩ" አልነው። "ባሕሩን ጠረግሽው?" "የባሕሩ መብራት ጠፋ።" በደጃችን የሚያልፍ ሰው ምን ይለን እንደነበር እንጃ።

አባቴ ሹፌር ነበር። ከገዳሪፍ ሰሊጥ ይጭናል፣ ቦርሱዳን ወደብ ያራግፋል፣ የተገኘውን ጭኖ ይመለሳል፤ ዕድሜው በዚሁ አለቀ። ከጎንደር በኩል በስደት የመጣ የደጋ ሰው ስለሆነ ባሕር ያየው ጢም ካወጣ በኋላ ነው፤ ያየው ዕለት ልቡ እዚያው ቀረ። ሌላው ሹፌር ጭነቱን አራግፎ ሲተኛ እሱ ከወደቡ ራቅ ብሎ፣ ውሃው ከጉልበት በማያልፍበት ዳርቻ ተቀምጦ ዓሣ ያያል አሉ። ቤት ሲመጣም ወሬው ስለ ዓሣ ነው። ቢጫ አለ፣ ሰማያዊ አለ፣ ሽንብራ የሚያህል አለ፣ ሰንበር ያለበት አለ። እናቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ "ሰው ሚስቱን እንዲህ አድርጎ ቢያወድስ ምን አለበት!" ትለው ነበር።

ከዚያ ዓይኑ እምቢ አለ። መጀመሪያ ከጎን የሚመጣውን ነገር ማየት አቃተው። አንድ ቀን ገበያው መግቢያ ላይ የውሃ ጋሪ ገጭቶ ሊያልፍ ሲል ለጥቂት ተረፈና የመኪናውን ቁልፍ በራሱ እጅ ለባለቤቱ መለሰ። ካርቱም ወስጄው ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለ። "የጠፋው አይመለስም። የቀረውን በጠብታ ልናቆየው እንሞክራለን፤ እስከ መቼ እንደሚቆይ ግን አላውቅም" አለን፤ ሳይዋሸን። የቀረው ምን ነበር? አባቴ ራሱ ሲያስረዳ እጁን እንደ ቧንቧ ጠቅልሎ ዓይኑ ላይ ያደርግና "ይችን ያህል" ይል ነበር።

ጓደኞቹ ሊሰናበቱት መጥተው "ከመንገድ ምን እናምጣልህ?" ቢሉት "ባሕሩን" አላቸው። ሳቁ። አንደኛው ግን አልሳቀም። እሱን አጎቴ እለዋለሁ፤ የሥጋ ዘመዴ አይደለም፣ ከአባቴ ጋር በአንድ መኪና ላይ ያረጀ ሰው ነው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያንን የመስታወት ሳጥን ከከረጢት ጭነት አናት ላይ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ጀሪካኖቹን ደርድሮ፣ ዓሣውን በፕላስቲክ ባልዲ እቅፉ ውስጥ ይዞ ደጃችን ላይ ቆመ። አባቴ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ወንበሩን ከመስታወቱ ፊት አስጠጋና "እንግዲህ ዓይኔ የቀረችዋን ብርሃን እዚህ ትጨርሳት" አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ያለ ሥራ ሁሉ ይህ ሆነ፤ ያች የቀረችው ብርሃን ዓሣውን እያየች እንድታልቅ ማድረግ።

ዓሣው ቢጫ ነው፣ ሁለት ነጭ ቀበቶ የታጠቀ፣ ከጣት የማይረዝም። አባቴ "ረዳቴ" አለው። ከድንጋዩ እስከ ጥግ፣ ከጥግ እስከ ድንጋዩ ሲመላለስ "በል ወደ ኋላ በል! በል፣ በል፣ በል... ቁም!" እያለ የጭነት መኪና ያስቆመው ነበር። አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ይቀመጣል። ዓሣው በዚያች በቧንቧው ቀዳዳ ፊት ሲያልፍ "አየሁት!" ይላል። እኔ ከስፌት መኪናየ ላይ ቀና ሳልል "እንኳን ደስ ያለህ" እለዋለሁ። ሐቁን ልናገር፣ ደስታው ለእኔም ይተርፈኝ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ደኅና ነበር። አንድ ጠዋት መስታወቱ ጥግ ላይ ቡናማ አቧራ የመሰለ ነገር አየሁና ጠረግሁት። በነጋታው ተመለሰ። ከዚያ አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ፣ አላህ ያሳያችሁ፣ ፀጉር አበቀለ! ድንጋዩ ጎፈሬ አወጣ፣ መስታወቱ ጠጉራም የበግ ቆዳ ለበሰ። አልጌ ይባላል ብለው ነገሩኝ። እኔ ያወጣሁለት ስም ግን ምቀኛው ነው። ይህ ሁሉ ምድር ሞልቶለት፣ ዝናብ ሲመጣ ጥቁሩ የገዳሪፍ አፈር ሁሉ አረንጓዴ ለብሶ እያለ፣ ምቀኛ ካልሆነ በስተቀር ከአባቴ ዓይንና ከአንድ ዓሣ መሃል መጥቶ የሚበቅል ምን ይባላል?

አባቴ ጠዋት ጠዋት ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ "ዛሬ መንገዱ ጭጋግ ነው" ይለኝ ጀመር። ምላጭ ይዤ የመስታወቱን ውስጥ እንደ ጺም እላጨዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ይጠራል። በማግስቱ ያው ነው። አባቴ እንዳይከፋኝ አያማርርም፤ ግን በዚያች በጠበበች ቀዳዳ ሲያማትር፣ ራሱን ወደዚህና ወደዚያ ሲያዘነብል፣ ረዳቱን አጥቶ ዝም ሲል አየዋለሁ። ሁለት ዓይኑ ሙሉ ለሆነ ሰው ትንሽ ቆሻሻ ምንም አይደለም፤ ለእሱ ግን ያችው ቆሻሻ የዕለቱ ዓለም በሙሉ ነበረች።

ከግድግዳችን ጎን የሚኖሩት ሐጃ ሊረዱኝ መጡ። ሐጃ እናቴን አጥበው የከፈኑ፣ እኔን እንደ ወለዱኝ የሚቆጡ፣ ነገር ሁሉ በሳሙና ይጠራል ብለው የሚያምኑ አሮጊት ናቸው። "ይህማ ድንጋዩ ነው የሚያበቅለው" አሉኝ። ድንጋዩን አወጣነው፣ የፈላ ውሃ ደፋንበት፣ በልብስ ሳሙና ፈተግነው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣነው። አጥንት መስሎ ነጣ። ሐጃ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው "አየሽ?" አሉ። አየሁ። ሳምንት ሳይሞላ ውሃው ገማ፣ ረዳቴ አፉን ከውሃው በላይ አውጥቶ አየር ይለምን ጀመር፣ ምቀኛው ከበፊቱ እጥፍ ሆኖ ተመለሰ።

ለአጎቴ ስልክ ደወልሁ። ቦርሱዳን ነበርና ሳጥኑን የሸጠለትን ሰው ሄዶ ጠይቆ መልሶ ደወለ። "ቀቀላችሁት!" አለ እየጮኸ። "ድንጋዩ እኮ ሕይወት አለበት! ውሃውን የሚያጠራው ቀዳዳው ውስጥ ያለው ነፍስ ነው! ማን ነው ቀቅሉት ያላችሁ?" ሐጃ አጠገቤ ሆነው ይሰማሉ። "መብሰሉ ምን ጎዳው?" አሉኝ በሹክሹክታ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኛ ነን። አጎቴ በሚቀጥለው ጉዞው ሌላ ድንጋይና ጥቂት የባሕር ቀንድ አውጣ አመጣልን። ቀንድ አውጣዎቹ አረንጓዴውን ይግጣሉ አለ። አልዋሽም፣ ይግጣሉ፤ ግን ምቀኛው ከሚግጡት በላይ ያበቅላል። ከእጅ አይሻል ዶማ።

ደግሞ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ሙቀቱ ውሃውን እያተነነ ስለሚያጎድለው በየቀኑ እንጨምርበት ነበር። ጨውማ አይተንም፣ እዚያው ይቀራል፤ የሚጨመረው የሚጠጣው ውሃ ነው። የምንጨምረው ደግሞ ያንኑ የአህያ ጋሪውን ውሃ፣ በእንስራ አስቀምጠነው እንኳ ከታች ጭቃ የሚዘቅጠውን ነበር። ይህን ትቼ ክረምት ሲገባ ከጣሪያው የሚወርደውን ዝናብ በበርሜል አጠራቀምሁ፤ አቧራውን የሚያጥበውን የመጀመሪያውን ዝናብ እየደፋሁ። ትንሽ ተሻለው። ትንሽ ብቻ።

አጎቴ በስልክ "ምን ያህል ታበሉታላችሁ?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ጠዋት አንዴ፣ በሁለት ጣት ቆንጥሬ።"

"ሌላ?"

"ሌላ ምንም።"

"እንግዲያው አረንጓዴው ምግቡን ከየት ያመጣዋል? ያልበላ አይፋፋም። ሳጥኑን የሸጠልን ሰውየ 'ከምግቡ ትርፍ ነው የሚበቅለው' ነው የሚለኝ" አለ። እኔም ተናደድሁ። እሱስ ምን ያውቃል፣ ቦርሱዳን ቁጭ ብሎ!

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዳችን ቤቱ በጠያቂ ሞላ። አባቴ ዓይኑን ከታመመ ወዲህ ሳይጠየቅ የዋለበት ቀን የለም፤ የአገራችን ሰዎች ይመጣሉ፣ የሱዳን ጎረቤቶቻችን ይመጣሉ፣ ባዶ እጁን የሚመጣ የለም። ሐጃ በዘይት የተጠበሰ ትኩስ ዘላቢያ በሳህን ይዘው መጥተዋል። ሻይ ቀረበ። እኔ አንድ ቀሚስ እዘመዝማለሁ። ክር ልበጥስ ቀና ስል የሐጃ እጅ ከባሕሩ በላይ ነው፤ ጣታቸው ዘላቢያ ይፈረፍራል፣ ዘይቱ ውሃው ላይ ያብለጨልጫል።

"ሐጃ! ምን እያደረጉ ነው?"

"ምን አደረግሁ? አቀመስሁት።"

"ማንን?"

"እሱን ነዋ! ስጎርስ ትክ ብሎ አየኝ።"

"ዓሣ እኮ ነው! ዓይኑን መክደን አይችልም!"

"እሱን ነው የምልሽ!" አሉና ወደ ሴቶቹ ዞሩ። "ዓይኑን የማይከድን ፍጡር ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እያየኝ ብቻየን ልብላ? ሆዴ ይነፋ? የሚያይ ዓይን ሳያቀምሱ የተበላ መቼ ይስማማል?"

ሴቶቹ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዷ "እኔም ትናንት ቂጣ ጣልሁለት" አለች። ሌላዋ "እኔ ፉል ሰጥቸዋለሁ፣ ልጦ ነው የሚበላው" አለች፣ የተመሰገነች መስሏት። በር አጠገብ የተቀመጠው የሱዳን ጎረቤታችን "እንቁላል፣ አስኳሉን ብቻ" አለ በዓረብኛ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። ወይ ጉድ! ለካ ከተማው ሁሉ ተረባርቦ ሲቀልበው ከርሟል። ዓሣው አንዲቷን ቁራሽ ቀምሶ ይተዋታል፤ የተረፈው ድንጋዩ ሥር ገብቶ ይበሰብሳል፣ ምቀኛውም ይፋፋል። ያን ሁሉ ጊዜ እኔ ምላጭ ይዤ የምታገለው ከጉርሻ ጋር ነበር።

ጮህሁ። እንግዳ ፊት ጮህሁ። "ከዛሬ ጀምሮ አንድ ሰው እንኳ..." ስል አባቴ እጁን አነሣ።

"ተይ እናቴ። ቤቴ ገብቶ የቀመሰ ሰው አይቆጡትም።"

"አባየ፣ ባሕርህን እያጠፉብህ እኮ ነው! የማታየው በእነሱ ነው!"

እጁን አወረደ። ከዚያ ፈገግ እያለ "እኔም ቁርስ ላይ ከዳቦየ እቆርስለታለሁ" አለ። "ረዳቱን ከጎኑ አስቀምጦ ብቻውን የሚበላ ሹፌር አይተሽ ታውቂያለሽ?"

እንግዲህ ምን ይደረጋል? የእኛን ሰው አታቅምስ ማለት አትተንፍስ ማለት ነው። እንግዳውን ማባረር አይቻልም፣ ዓሣውን ዓይንህን ጨፍን ማለት አይቻልም። ማታውን እያሰብሁ ቆየሁና በነጋታው ከልብስ መስፊያየ የተረፈ ወፍራም ጥቁር ጨርቅ ዘርግቼ ባሕሩን ለካሁት። ላስቲክ አስገብቼ፣ ከላይ የአየር መንፊያው ቱቦ የሚያልፍበት ቀዳዳ ትቼ፣ ልክክ ያለ ልብስ ሰፋሁለት። ስንት ሙሽራ ያለበስሁ ሴት ለዓሣ ስሰፋ ሐጃ አይተው "አከናነብሽው? ኒካሕ ልታስሪለት ነው?" ብለው ሊሞቱ ደረሱ በሳቅ።

ይሳቁ። ምግብ ሲቀርብ ጨርቁ ይለበሳል፣ ማዕድ ሲነሣ ይወልቃል። የማያይ ዓይን አይጠይቅም፣ ያልተጠየቀ ሰውም አይሰጥም፤ ሁሉም በሰላም ይበላል። ጥቂት ቀን ቆይቶ ሐጃ ራሳቸው "በይ ሸፍኝልን፣ ልንቀማምስ ነው" ማለት ጀመሩ። አባቴ ብቻ ረዳቱን ሳያቀምስ መብላት ስለማይሆንለት የጠዋቷን ቁንጣሪ በራሱ እጅ እንዲሰጠው ተስማማን፤ የምሰጠው እኔ ሳልሆን እሱ ሆነ።

ዘይቱ ጠፋ፣ ሽታው ጠፋ። ግን የበቀለው በቅሎ ነበር። የቀረ ነገር አንድ ነው፣ ብርሃን። አባቴ ዓይኑ ደካማ ስለሆነ ባሕሩን መስኮት ሥር አድርገነዋል፣ ከላዩም ቀን ከሌት የሚበራ ረጅም መብራት ሰቅለናል። እሱ እንዲያይ የምናበራለት ያ መብራት ምቀኛውንም ያበላው ነበር። አጎቴ የሰውየውን የመጨረሻ ምክር በስልክ ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ብርሃን ከልክሉት አለ። መብራቱን አጥፍታችሁ፣ ሸፍናችሁ፣ ለጥቂት ቀናት ሳትገልጡ ተዉት። ዓሣው ይችለዋል፣ አረንጓዴው ግን ይሞታል።"

"አይሆንም" አልሁ። የአባቴ ዓይን ነገ ትኑር አትኑር የማይታወቅ፣ ጥቂት ቀናት የሚባል ነገር ከየት ይመጣል? ሀብታም ነው እንዴ፣ ቀን የሚያባክን? ስልኩን ዘጋሁት። አባቴ ግን ሰምቷል። ዓይኑ በደከመ ቁጥር ጆሮው እየሰላ ሄዶ ነበር።

"ሸፍኝው" አለኝ።

"አልሸፍንም።"

"ስሚኝ እናቴ። አሁን የማየው ጭቃ ነው። ረዳቴ መኖሩን የማውቀው አንቺ ስትነግሪኝ ነው። የመኪናው መስታወት ተበላሽቶ ስንት መንገድ ነድቻለሁ፤ ሰው ያገኘውን ያህል እያየ ይነዳል። ግን መንገዱ ሲከፋ ቆሞ መጥረግ ይሻላል። ሸፍኝው፣ አንድ ጊዜ ጥርት ብሎ ልየው፤ ያች ትበቃኛለች።"

ምን እላለሁ? መብራቱን አጠፋሁ፣ ጥቁሩን ልብስ አለበስሁት፣ ሥሩ ላይ ብርሃን እንዳይገባ በጨርቅ ወተፍሁ። አባቴ ወንበሩን አላነሣም። ጠዋት ይመጣል፣ ጨርቁ ፊት ይቀመጣል፣ የአየር መንፊያውን ጉልጉልታ እየሰማ ይውላል። አንዳንዴ "ረዳት፣ አለህ?" ይላል። እኔም እሰፋለሁ። ያን ሰሞን ወበቁ የባሰ ነበር፤ መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። በመሃል አንድ ቀን ራሱን ክፉኛ አመመው፣ ዓይኑ ቀላ፣ አስታወከው። ባለ ሦስት እግር ሪክሻ ጠርቼ ሆስፒታል ወሰድሁት። መርፌ ወጉት፣ ጠብታውን ቀየሩለት፣ ሕመሙ ለቀቀው። "ደኅና ነኝ" አለ፣ ማታውን ደግሞ በላ። ከዚያ ወዲህ በቀን ደጋግሞ "መብራት ሄደ እንዴ?" ይለኛል። እኔም የስፌት መኪናየን በእግሬ እየረገጥሁ፣ ሳልዞር፣ "ይመጣል" እለዋለሁ።

የሚገለጥበት ጠዋት ቶሎ ተነሣሁ። አባቴ ሳይነቃ ከጨርቁ ሥር እጄን አስገብቼ የሞተውን ሁሉ በቱቦ ሳብሁ። ጎፈሬው ረግፎ ቡናማ ክር ሆኗል። መስታወቱን ጠረግሁ፣ ጥግ ላይ ካስቀመጥነው ጀሪካን የባሕሩን ውሃ ጨመርሁ። ከዚያ አባቴ ተነሥቶ ታጠበ፣ ሰገደ፣ ንጹሕ ጀለቢያ ለበሰ፤ ለሠርግ የተጠራ ይመስላል። ወንበሩ ላይ ተቀመጠና እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። መብራቱን አበራሁ። ጨርቁን ገፈፍሁት።

እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ውሃው ያለ አይመስልም። ድንጋዩ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ ወጥቶበታል፣ አንዲት ቀንድ አውጣ በቀስታ ትሄዳለች። ረዳቴ ከቀዳዳው ብቅ አለ፤ ቢጫው ቢጫ ነው፣ ነጩ ነጭ ነው። እኔ ድምፄን አጥፍቼ፣ ጨርቁን በብብቴ ይዤ "አየሁት!" እስኪል ጠበቅሁ። እልል ልል አፌ ተዘጋጅቷል።

አባቴ ፊቱን ወደ ባሕሩ አድርጎ ጠበቀ። እኔም ጠበቅሁ።

"በይ እንግዲህ አንሽው" አለኝ እየሳቀ። "ልቤን አታንጠልጥይው።"

መዋሸት አማረኝ። ወላሂ፣ ጨርቁን መልሼ ላለብሰውና ገና ነው ልለው አሰብሁ። አልቻልሁም።

"አንስቸዋለሁ፣ አባየ።"

"መቼ?"

"አሁን። ፊትህ ነው።"

የአየር መንፊያው ይንጎለጎላል። አባቴ አልተንቀሳቀሰም። "እኔ እኮ ጨርቁ መስሎኝ ነው" አለ። "ቤቱ ሲጨልምብኝ መብራት ሄደ እላለሁ። እዚህ ስቀመጥ ጨርቁ ነው እላለሁ። ለካ..." ሳይጨርሰው ተወው።

ድምፅ እንዳይሰማ አፌን በዚያ ጥቁር ጨርቅ ይዤ አለቀስሁ። ሰማኝ።

"አታልቅሽ። ጠርቷል?"

"ጠርቷል። እንዲህ ሆኖ ጠርቶ አያውቅም።"

"ረዳቴስ?"

"ድንጋዩ አናት ላይ ነው፣ ወዳንተ ዞሯል።"

የጀለቢያውን እጅጌ ሰበሰበ፣ ቢስሚላህ ብሎ ክንዱን እስከ ክርኑ ውሃው ውስጥ አስገባ። በጣቱ የመስታወቱን ውስጥ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰው። ሲጥ አለ። ድሮ እንደ ሳሙና ያሟልጨው ነበር። እንደገና ዳሰሰው፣ በጥንቃቄ፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ ምንም ሳያስቀር። "ልጄ፣ እውነትም ጠርቷል" አለ፤ ፊቱ በራ። በዚህ መሃል ያ ጣት የማያህል ፍጡር ቤቱ የተደፈረበት መስሎት ከድንጋዩ ተወርውሮ መጣና አውራ ጣቱን ነከሰው።

"ነከሰኝ!" አለ አባቴ። "ይህ ባለጌ! አለቃውን!" እጁን ግን አላወጣም። ዓሣው እየተመላለሰ ይነክሰዋል፣ እሱ እንባው በጉንጩ እየወረደ ይስቃል። እኔም ከጎኑ ተንበርክኬ እየሳቅሁ አለቀስሁ። ሐጃ ሳቁን ሰምተው "እሰይ! አየው!" እያሉ ከግቢያቸው እየሮጡ መጡ፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ፊቴን አዩና ቆሙ።

ከዚያ በኋላ አባቴ አምስት ይሁን ስድስት ዓመት ኖረ፤ ባሕሩም ከእሱ ጋር። ጠያቂዎቻችን "እንግዲህ አያየው፣ ለማን ብለሽ ትደክሚያለሽ?" ይሉኝ ነበር። እኔ ግን ጨርቄን በምግብ ሰዓት አለብሳለሁ፣ መብራቱን እቆጥባለሁ፣ ዝናቡን በበርሜል አጠራቅማለሁ፣ ምላጬን ይዤ መስታወቱን እላጫለሁ። አንዳንድ ጠዋት ስፌት በዝቶብኝ ሳልደርስበት ስቀር፣ አባየ ወንበሩ ላይ ይቀመጥና እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ያስገባል። መስታወቱን ዳሰስ፣ ዳሰስ ያደርጋል። ጣቱን ያሟልጨዋል። ፊቱን ወደ ስፌት መኪናየ ድምፅ አዙሮ፣ "እናቴ፣ ዛሬ አይታይም እኮ" ይለኝ ነበር። እኔም መርፌዬን ሰክቼ እነሣለሁ።